ከወንዙ ማዶ ያለው ድንኳን

የዴልሂው መልእክተኛ መጥተው ከወንዙ ማዶ ካለው የማንጎ ተክል ውስጥ ድንኳን ተከሉ የሚለው ወሬ ሰርፋራዝፑር ከተማ ሲደርስ፣ እልፍኝ አስከልካዩ ሩክኑዲን ከአገሩ ገዥ ከናዋቡ ጎን ቆሞ እርግቦች ሲበሩ ያይ ነበር። ወሬውን ያመጣው ፈረሰኛ የመልእክተኛውን ስም ሲናገር ሩክኑዲን ፊቱን ወደ ሰማይ እንዳቀና ቀረ። ሰይድ ሙርታዛ ናቸው።

ሩክኑዲንን ያሳደጉት ሰይድ ሙርታዛ ናቸው። አባቱ በደቡብ ዘመቻ ሲሞት እሱ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር። ሰይድ ሙርታዛ በዴልሂ ቤተ መንግሥት የአልባሳት ግምጃ ቤት ሹም ነበሩና የሟች ጓደኛቸውን ልጅ ቤታቸው ወስደው ከራሳቸው ማዕድ አበሉት። ፋርስኛውን፣ ጽሕፈቱን፣ በንጉሥ ፊት አቋቋሙን፣ የክብር ካባ እንዴት ተይዞ እንዴት ትከሻ ላይ እንደሚደረብ ሁሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ለአካለ መጠን ሲደርስ የእህታቸውን ልጅ ሻህርባኑን ዳሩለት። ከዚያም ደጅ ጠንተው፣ ለምነው፣ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ባረፈበት ሹመት ወደ ሰርፋራዝፑር ላኩት። «እዚያ ያለው እንደራሴ የጌታችን አሽከር ነው፤ አንተ ደግሞ የጌታችን ዓይን ነህ» ብለው ግንባሩን ስመው ሸኙት።

ያ ድሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ዴልሂ ላይ ንጉሥ በንጉሥ ተተካ፤ አንዱ ዓይኑ ጠፋ፣ ሌላው ታነቀ። የፋርሱ ንጉሥ መጥቶ ከተማዋን አራቁቶ ሄደ። የሩክኑዲን ደመወዝ መጀመሪያ ዘገየ፣ ቀጥሎ ጎደለ፣ በመጨረሻ ጭራሽ ቀረ። እንደራሴው ናዋብ ዲላዋር ካን ደግሞ በበኩሉ ግብር መላኩን ተወ። የገዛ ጦሩን አደራጀ፣ የየአገሩን ባላባት በራሱ ስም አስማለ፣ ልጁን አልጋ ወራሽ ብሎ መጥራት ጀመረ። ሩክኑዲንንም አልረሳውም፤ አትክልት ያለው ቤትና ደህና መንደር ጉልት ሰጠው። ሩክኑዲን የማን ሹም እንደሆነ ቢጠየቅ «የንጉሠ ነገሥቱ» ማለቱን አልተወም፤ እንጀራው ግን የናዋቡ ነበር።

ከዴልሂ ካባ ሲመጣ ወጉ የታወቀ ነው። መልእክተኛው ከከተማ ውጭ ይሰፍራል፤ እንደራሴው ከነሹማምንቱ ከፈረስ ወርዶ በእግሩ ይወጣና እጅ ነስቶ ካባውን ይለብሳል፤ ከካባው ጋር የመጣውንም ትእዛዝ ራሱ ላይ አስነክቶ ይቀበላል። ካባው ሳይለበስ መልእክተኛው ከተማ አይገባም። ካባውን አልቀበልም ያለ ሹም ደግሞ ሸፍቷል ማለት ነው። አሁን የመጣው ትእዛዝ ምን እንደሚል ገበያው ሁሉ ያውቀው ነበር፦ ዲላዋር ካን ከዚህ አገር ተነስቶ ወደ ደቡብ እንዲዛወር።

«እንግዲህ ምን ልታመም?» አለ ናዋቡ የያዛትን እርግብ ለጠባቂው እየሰጠ።

የቤተ መንግሥቱ ሐኪም ፈጠን ብሎ፣ «ቁርጥማት ይሻላል ጌታዬ። ቁርጥማት የያዘው ሰው በእግሩ ውጣ አይባልም» አለ።

«ቁርጥማትማ የሽማግሌ በሽታ ነው። ሚስቶቼ ሲሰሙ ምን ይሉኛል?»

ሹማምንቱ ሳቁ። ሐኪሙም እየሳቀ፣ «እንግዲያው ትኩሳት ይሁን። ትኩሳት ጎልማሳ አያሳፍርም» አለ።

«ትኩሳት ነው። በቃ፣ አሞኛል።» ናዋቡ ከቀረበለት ሳህን ማንጎ አንስቶ ነከሰ። ጭማቂው በጺሙ ሲወርድ እንደገና ተሳቀ። ሩክኑዲንም ሳቀ። ሌሎቹ ዝም ካሉ በኋላ የገዛ ሳቁ ጆሮው ውስጥ ቀረበት።

«ሩክን፣ አንተ ሂድና ንገረው» አለ ናዋቡ። «ካንተ አፍ ከሰማው ያምናል። ያሳደገህ ሰው አይደል?»

«ናቸው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ አባትህን አታጉላላው። በጊዜ እንዲመለስ አድርገው። እኔ እንደሆንኩ የንጉሠ ነገሥቱ አሽከር ነኝ። በየጁምዓው በስማቸው ዱዓ ይደረጋል፣ ገንዘቤም ላይ ስማቸው አለ። ምን ጎደለባቸው? እንዳያዙኝ ብቻ ነው የምለምናቸው።»

ሩክኑዲን በጀልባ ተሻገረ። በልጅነቱ የዴልሂ መልእክተኛ ሲጓዝ አይቷል፤ ዝሆኑ፣ ነጋሪቱ፣ አቧራው የሚረሳ አይደለም። ከማንጎው ጥላ ሥር ያገኘው ግን የተጣፈ ድንኳን፣ ጎድናቸው የሚቆጠር ፈረሶች፣ አልፎ አልፎም ዝገት የያዘው ጦር የተደገፉ ጠባቂዎች ነበር። ሰይድ ሙርታዛ ከድንኳኑ ወጡ። ጺማቸው እንዳለ ነጥቷል፣ ወገባቸው ግን አልጎበጠም። ሩክኑዲን እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በሁለት እጃቸው ያዙትና ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«ወፍረሃል አንተ!» አሉ ሆዱን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። «ሻህርባኑ ቅቤውን አብዝታብሃለች። ደህና ናት? ጥርሷ ያማት የነበረው ተሻላት?»

«ደህና ናት፣ አባባ። ጤና ናት።»

«አልሃምዱሊላህ። ናዋቡስ መቼ ይወጣል? ካባውን አየር ማስነካት አለብኝ፤ በመንገድ ዝናብ ደብድቦናል።»

ሩክኑዲን መንገዱን ሁሉ ሲያጠናው የመጣውን ቃል ተናገረ። ናዋቡ ታመዋል። ብርቱ ትኩሳት ነው። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳይነሱ ከልክሏል። ሲናገር ዓይኖቹ ከሽማግሌው ጫማ ላይ አልተነሱም፤ የቀኝ እግራቸው ጫማ ጫፉ ላይ ተቀዶ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል።

ሰይድ ሙርታዛ ማዶ ወዳለው ከተማ ተመለከቱ። «አላህ ያሽረው» አሉ። «ትኩሳት አስቸጋሪ ነው። እጠብቃለሁ።»

«አባባ፣ ሊቆይ ይችላል እኮ። ክረምቱም እየገባ ነው፤ መንገዱ ሳይበላሽ ቢመለሱ...»

«የታመመ ሰው ጥዬ ብመለስ ጌታችን ምን ይሉኛል?» አሉና ክንዱን ያዝ አደረጉት። «አይዞህ፣ ለእኔ አትጨነቅ። ከዚህ የባሰ ስንት አሳልፌያለሁ።»

ሩክኑዲን ተሻግሮ ቤቱ ሲገባ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ሻህርባኑ ሁሉንም ሰምታለች።

«አጎቴን እዚያ ጭቃ ላይ ትተሃቸው መጣህ?»

«ወጉ ነዋ። ካባው ሳይለበስ ከተማ መግባት አይችሉም።»

«ወጉንማ ካንተ ቀድሜ አውቀዋለሁ። እዚያው ቤት ነው ያደግኩት። ናዋቡ ምን ሆኖ ነው የማይወጣው?»

«አሞት።»

«ዛሬ ጠዋት እርግብ ሲያበር የዋለው ናዋብ?»

ሩክኑዲን ጥምጣሙን ፈትቶ አስቀመጠና ወደ ውስጥ ገባ። ሻህርባኑ ግን ያን ጊዜውኑ ማድቤት ወረደች። የበግ ሥጋ ያለበት ሩዝ በድስት፣ እርጎ በሸክላ፣ ማር ያለበት ቂጣ በመሶብ አስይዛ አገልጋይዋን ዙህራን ወደ ወንዝ ላከቻት። በማግስቱም ላከች፤ ከዚያም ወዲያ በየቀኑ።

ናዋቡ ይህን ለመስማት አልዘገየም። ጉባኤው ሲበተን ሩክኑዲንን በዓይኑ ጠርቶ አስቀረው።

«አባትህ የእኔ ከተማ ምግብ የጣመው ይመስላል። እንዲህ የሚጠግብ ሰው መቼ ይሄዳል?»

«ሚስቴ ናት ጌታዬ። አጎቷ ስለሆኑ...»

«ሚስትህን አልጠየቅኩህም።» ድምፁ አልጨከነም፤ እንዲያውም የለዘበ ነበር። «ጀልባዎቹን አቁማቸው። ወንዙ ሞልቷል፣ ሰው እንዳይሰምጥ ብዬ ነው። ደግሞ እኔ ያዘዝኩት አይምሰል። አንተ እዘዝ።»

ሩክኑዲን ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረደና ማንም እንዳይሻገር አዘዘ። ወንዙ በእርግጥ ሞልቶ ነበር፤ ግን ከዚህ በባሰ ሙላትም ጀልባዎቹ ተሻግረዋል። የቀዛፊዎቹ አለቃ ይህን ያውቃል። ሩክኑዲንን ካየው በኋላ ጎንበስ ብሎ ገመዱን አጥብቆ ማሰር ጀመረ።

ያን ዕለት ባልና ሚስቱ ተቀምጠው ሳለ ዙህራ ድስቱን እንደተሸከመች ተመልሳ ገባች። ልብሷ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል።

«ምነው መለስሽው?» አለች ሻህርባኑ።

«ጀልባ የለም አሉኝ እመቤቴ።»

«ማን ነው የለም ያለሽ?»

ዙህራ ወደ ሩክኑዲን ሰረቅ አድርጋ አየችና አንገቷን ደፋች። «እልፍኝ አስከልካዩ ከልክለዋል ነው የሚሉት።»

ሻህርባኑ ድስቱን ተቀበለች። ክዳኑን አነሳች፤ ሩዙ ገና ይተናል። በሩክኑዲን ፊት አስቀመጠችው። «እንግዲያው አንተ ብላው» አለችው። «ለአጎቴ ነበር የሠራሁት። ብላ እንጂ! ሥጋውን ቀቅዬ ቀቅዬ አልሜዋለሁ፤ ጥርስ ስለሌላቸው ነው።»

ሩክኑዲን መቆጣት ይችል ነበር፤ መማል ይችል ነበር፤ ተነስቶ ጀልባዎቹን ፍቱ ብሎ መጮህም ይችል ነበር። እጁን ታጠበና በላ። ሥጋው እውነትም ሳያኝኩት ይሟሟል። እሷ ቆማ እስኪጨርስ አየችው።

ዝናቡ ሲያባራ ናዋቡ አደን አማረው። ከከተማው ወደ ጫካው የሚወስደው መንገድ ወንዙን ይዞ ነው የሚሄደው፤ በዚያ ጋ ደግሞ ወንዙ ጠባብ በመሆኑ ማዶ ለማዶ ሰው ይለያል፣ ድምፅም ይሰማል። ሌላ መንገድ አልጠፋም ነበር። ናዋቡ ግን በዝሆኑ ላይ ተቀምጦ፣ ነጋሪት እያስመታ፣ በዚያው ወጣ። ሩክኑዲን ከኋላው ተቀምጦ የዝንብ ማባረሪያውን ጭራ ይዟል።

ከማዶ ያለው ድንኳን አንድ ጎኑ ረግቧል። ሰይድ ሙርታዛ ጎርፉ ያመጣውን ጭራሮ ከሚለቅም ሽማግሌ ወጥ ቤት ጋር ዳርቻው ላይ ቆመው ነበር። ጠባቂዎቹ አይታዩም፤ ጥለዋቸው ሄደዋል። ነጋሪቱን ሲሰሙ ቀና አሉ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ዝሆኑን፣ ከዝሆኑ ላይ ያለውን ጤነኛ ሰው፣ ከጤነኛው ሰው ኋላ ያለውንም ሩክኑዲንን ተመለከቱ። ሩክኑዲን በጭራው ፊቱን ሊሸፍን ቃጣው።

ሰይድ ሙርታዛ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ በእርጅና ድምፃቸው የቻሉትን ያህል ጮኸው፣ «አልሃምዱሊላህ! ናዋቡን አላህ ማረልን! ትኩሳቱ ለቀቃቸው!» አሉ።

ከዝሆኑ በታች ያሉት ባለሟሎች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ናዋቡም ሳቀና ወደ ኋላው ዞር ብሎ፣ «አባትህ ቀልደኛ ነው አንተ!» አለ።

ሩክኑዲን ግን ያሳደጉትን ሰው ያውቃል። ቀልድ አልነበረም። በወጉ የታመመ ሹም ሲድን እንዲያ ይባላል። ሰይድ ሙርታዛ ሩክኑዲን ዋሸ ከማለት ናዋቡ ዳነ ማለትን መርጠዋል።

ጥቂት ሰንብቶ የናዋቡ ሐሳብ ተለወጠ። በስተምሥራቅ ያለው ጎረቤቱ እንደራሴ ለልጁ ከዴልሂ ካባና ማዕረግ አምጥቶ አስለበሰ የሚል ወሬ መጣ። እሱም ግብር አይልክም፤ እሱም የሚታዘዝ አይደለም፤ ካባውን ግን ለብሷል። የአገሩ ባላባቶች ማንሾካሾክ ጀመሩ፤ ካባ ለሌለው ሰው ልጅ እንዴት እንምላለን አሉ። ናዋቡ ሩክኑዲንን ጠርቶ፣ «ሂድና ንገረው። ካባውን እለብሳለሁ፤ ልጄም ይለብሳል። የዝውውሩ ደብዳቤ ግን ከሳጥኑ እንዳይወጣ። ይህን እሺ ካለ በዝሆን አስገባዋለሁ» አለው።

ጀልባዎቹ ተፈቱ። ሩክኑዲን ሲደርስ ሰይድ ሙርታዛ ድንኳኑ ውስጥ ተጋድመው ይስላሉ። ካባው በሰም በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ እርጥበት ከማይነካው ሳጥን ላይ ነው፤ እሳቸው እርጥቡ ምንጣፍ ላይ። ሊነሱ ሲሞክሩ ሩክኑዲን ደግፎ አስቀመጣቸው። የናዋቡን ቃል አንድ በአንድ ነገራቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ ሰምተው ሲጨርሱ። «ያን ጊዜ እውነት አሞት ነበር?»

ጥሩ አጋጣሚ ነበር። ማንም በሌለበት፣ ሁለቱ ብቻ። ሩክኑዲን አፉን ከፈተ።

«አሟቸው ነበር፣ አባባ» አለ።

«እሺ» አሉ ሽማግሌው። «ዴልሂ ላይ ወደዚህ የሚመጣ ጠፍቶ ነበር፣ ታውቃለህ? ሁሉም ፈራ። ናዋቡ አይወጣልንም፣ እንዋረዳለን አሉ። እኔ ነኝ የለም ያልኩት። ሰርፋራዝፑር ሩክን አለ፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ሩክን በእግሩ ወጥቶ ይቀበለናል አልኳቸው። በጌታችን ፊት ነው ያልኩት።»

ሩክኑዲን ምንጣፉን ይፍቅ ጀመር።

«አታልቅስ። ትልቅ ሰው ነህ» አሉት። «ለናዋቡ እንዲህ በለው። ካባው ያለ ቃሉ ጨርቅ ነው። ጨርቅ ከፈለገ ገበያው ሞልቷል። እኔ ነገ ጓዜን ጠቅልዬ እሄዳለሁ።»

ሩክኑዲን ይህን ቃል ማድረስ አልነበረበትም። እምቢ አሉ ብሎ ብቻ መተው ይችል ነበር። ነገር ግን ቃል እንዳለ ማድረስ የልጅነት ትምህርቱ ነው፤ አደረሰው። ናዋቡ ሰማና መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ቀስ እያለ ደግሞ ፈገግታ መጣበት።

«እውነቱን ነው እኮ!» አለ ጭኑን በጥፊ መትቶ። «ገበያው ሞልቷል። ሩክን፣ የዴልሂ ካባ አሠራሩን ታውቃለህ አይደል? አንገቱን፣ ጥልፉን፣ የሚጠቀለልበትን?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«አመጣጡንስ? ምን ተብሎ እንደሚሰጥ?»

«እሱንም።»

«ታዲያ ምን ዴልሂ ያስሄደናል?»

ሰፊዎቹ ለብቻ በተዘጋ አዳራሽ ገብተው ሠሩ። ሩክኑዲን ከላያቸው ቆሞ የወርቁን ክር አጠማዘዝ፣ የእጅጌውን ስፋት፣ አበባው የት ላይ መጀመር እንዳለበት ነገራቸው። መጀመሪያ ዝም ብሎ ሊያሳልፈው ያሰበውን ስሕተት ሁሉ ሳያስበው ያርም ነበር። አንዱ ሰፊ አንገቱን ጠባብ ሲያደርገው ሩክኑዲን ተቆጣ፣ አስፈታው። ካባው ሲያልቅ ሳያምር አልቀረም። ቀረብ ብሎ የነካው ሰው ከዴልሂው ያምራል ሊል ይችላል፤ አዲስ ነበር፤ ብል አልበላውም።

ዕለቱ ደረሰ። ሰይድ ሙርታዛ ከሄዱ ወዲህ ባዶ በቀረው የማንጎ ተክል ውስጥ አዲስ ቀይ ድንኳን ተተከለ፤ አዋጅ ነጋሪ በየሰፈሩ ዞሮ ከንጉሠ ነገሥቱ ሁለተኛ ካባ መጣ ብሎ ለፈፈ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ናዋብ ዲላዋር ካን ከወንዙ ዳር ጀምሮ ከነልጁ በእግሩ፣ በጭቃው ውስጥ መጣ። ሩክኑዲን የመልእክተኛ ልብስ ለብሶ፣ ካባውን በሁለት ክንዱ ዘርግቶ ቆሟል። ናዋቡ ፊቱን ወደ ዴልሂ አዙሮ እጅ ነሳ። እጁ መሬት ነካ፣ ግንባሩን ነካ። ሩክኑዲን ሰይድ ሙርታዛ ያስተማሩትን ቃል ሳያዛንፍ አሰማ፤ «የዓለም ጌታ ንጉሠ ነገሥት ለታማኝ አሽከራቸው» ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ካባውን ሲደርብለት የናዋቡ ዓይን እንባ አቅርሮ አየ። የማስመሰል እንባ አልነበረም። ይህ ሰው ከልቡ ደስ ብሎታል፤ ንጉሠ ነገሥቱን ከልቡ ይወዳል፤ እንዲህ ርቀው፣ እንዲህ ዝም ሲሉለት።

ነጋሪቱ ተመታ። ባላባቶቹ ተራ በተራ ለልጁ ማሉ። ከባላባቶቹ መካከል እውነቱን የሚያውቅ አልጠፋም፤ ለመማል ግን ይህ በቅቷቸዋል። ናዋቡ እዚያው፣ በሕዝብ ፊት፣ ለሩክኑዲን አዲስ ማዕረግ ሰጠው፦ ኢተማድ ካን፣ የሚታመነው ጌታ።

ቤቱ ሲመለስ ሻህርባኑ የለችም። ዙህራ እንደነገረችው ሰይድ ሙርታዛ ሩቅ አልሄዱም፤ በዴልሂው መንገድ ከመጀመሪያው የመንገደኞች ማደሪያ ሲደርሱ ሕመሙ ጥሏቸዋል። እመቤቲቱ የበሬ ጋሪ አስጠምዳ፣ አልጋ ልብስና መድኃኒት ጭና ሄዳለች። ማንንም አላስፈቀደችም።

ሩክኑዲን ፈረስ ጭኖ ተከተላት። የመልእክተኛውን ልብስ ማውለቁን እንኳ ያስታወሰው መንገድ ላይ ነው፤ ከትከሻው አንስቶ ኮርቻው ሥር ጎሰጎሰው። ማደሪያው ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከፈረሱ ወርዶ ወደ ክፍሉ ተጠጋ። በሩ ገርበብ ብሏል። የሻህርባኑ ማንኪያ ከሳህን ሲጋጭ ተሰማው።

«ሩክንስ አልመጣም?» አሉ ሰይድ ሙርታዛ ከውስጥ።

«ሥራ በዝቶበት ነው አጎቴ» አለች። «ሰላም በይልኝ ብሏል።»

«እሱማ ሥራ አያጣም። አታስቸግሩት።»

ሩክኑዲን እጁ በሩ ላይ ነበር። መግፋት ብቻ ነው የቀረው። ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ሁሉንም መናገር፣ ቀይ ድንኳኑን፣ ሰፊዎቹን፣ በገዛ አፉ ያሰማውን ቃል። ከዚያስ ምን ይሉታል? ይቅር ይሉታል። የፈራው ይህን ነበር። እጁን መለሰ። በሩ አጠገብ ተኝቶ ገለባ የሚያመነዥገውን የጋሪ በሬ ዞሮ አለፈና ፈረሱን ፈታ።

ሰይድ ሙርታዛ በሻህርባኑ እጅ አገግመው ወደ ዴልሂ ጉዟቸውን ቀጠሉ። እሷም ተመለሰች። አልተጣላችውም፤ ቤቱን ትመራለች፣ ምግቡን ታቀርባለች፣ እንግዳ ሲመጣ ትስቃለች። ስሙን ግን ተወችው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሩክን ስትለው የኖረች ሴት፣ «ኢተማድ ካን፣ ምሳ ቀርቧል»፣ «ኢተማድ ካን፣ ሰው ይፈልግዎታል» ትለው ጀመር። በአንቱታ። አንድ ጊዜ፣ «ምን አድርጌሽ ነው?» ቢላት፣ «ማዕረግዎን አክብሬ ነው» አለችው፤ ፊቷ ላይ የቁጣ ምልክት አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። ዴልሂ ሥራ ያጡ ሰዓሊዎች፣ ሰይፍ ሠሪዎች፣ ገጣሚዎች፣ ወጥ ቤቶች ሳይቀሩ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሰርፋራዝፑር ይጎርፉ ጀመር፤ ከተማዋ ሞቀች፣ ሕንፃ በሕንፃ ሆነች። እነዚህን ሰዎች ተቀብሎ ለናዋቡ ማቅረብ የሩክኑዲን ሥራ ነበር። አንድ ቀን አንድ አረጋዊ ማኅተም ቀራጭ መጣ። በዴልሂ ቤተ መንግሥት እንዳገለገለ ሲናገር ሩክኑዲን ሳይፈልግ ስለ ሰይድ ሙርታዛ ጠየቀው።

«አረፉ እኮ፣ አምና» አለ ሰውየው። «ደግ ሰው ነበሩ። እኔ ከዚህ ተመልሰው በጌታችን ፊት የቆሙ ዕለት እዚያ ነበርኩ። ካባውን ለምን መለስከው ተብለው ሲጠየቁ፣ ናዋቡ በትኩሳት ሲቃጠል ነው ያገኘሁት፣ ወንዙም ሞልቶ ነበር አሉ። ባለሟሎቹ ሳቁባቸው። በዓይንህ አይተኸዋል ወይ ተባሉ። አላየሁም፣ ግን ቃሉን ከማልጠረጥረው ሰው ሰምቻለሁ አሉ። ከዚያ በኋላ ጃጅተዋል ተብለው ከግምጃ ቤቱ ሹመት ተነሱ።»

ሩክኑዲን ለሰውየው ማረፊያ ክፍል እንዲሰጠው አዘዘና ቀጥ ብሎ ወደ ናዋቡ ሄደ። ናዋቡ አርጅቷል፤ አሁን እውነተኛ ቁርጥማት ይዞት እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ ሹመቴን ልመልስ ነው የመጣሁት» አለ ሩክኑዲን። «ዴልሂ ሄጄ የምናገረው ነገር አለኝ።»

«ለማን?»

ሩክኑዲን ለማን እንደሚናገር አላሰበበትም። ንጉሠ ነገሥቱም ያን ጊዜ የነበሩት አልነበሩም፤ ሌላ ነግሠዋል።

ናዋቡ ረጋ ብሎ አየው። «ደክሞሃል፣ ሩክን» አለ። «ቤትህ ግባና ዕረፍ። ነገ የደቡብ ጦረኞች የማራታዎቹ መልእክተኞች ይመጣሉ፤ አቀባበሉን ካንተ በቀር የሚያውቅልኝ የለም። ስለ ሌላው ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ሩክኑዲን እጅ ነስቶ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ለሻህርባኑ የአጎቷን ሞት፣ ማኅተም ቀራጩ የነገረውንም ሁሉ ነገራት። እሷ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ፣ «ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» አለችው። አንቱታውን ረስታው ይሆን ትታው፣ አላወቀም።

«ለናዋቡ ልሄድ ነው ብዬዋለሁ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ነገ እንግዳ አለብኝ አለ።»

ሻህርባኑ ቀና ብላ ጠበቀችው። እሱ ጥምጣሙን መፍታት ጀመረ። ተነስታ የአጎቷን ሐዘን ለመቀመጥ ምንጣፉን ታነጥፍ ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት የማራታዎቹ ፈረሰኞች ከከተማው በር ሲደርሱ፣ እልፍኝ አስከልካዩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ በእግሩ ወጥቶ፣ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።